ለልጆቻችን ምሳ አንድ ሮቶ ውሃ

ሰላም የባሕር ዳር ወገኖቼ። ስለ ልጆቻችን ምሳ ላስቸግራችሁ ነው።

መጋቢት ላይ አንድ ቀን ከልጄ ትምህርት ቤት ተደወለልኝ። «ይምጡና ይውሰዷት፣ እያስመለሳት ነው» አሉኝ። ስደርስ እሷ ብቻ አልነበረችም። ከአንድ ምሳ ዕቃ አብረው የበሉ አራት ጓደኛሞች ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ምሳው ሩዝ ነበር። የሠራሁት እኔ ነኝ። ማታ ቀቅዬ፣ ድስቱን ከድኜ አሳደርኩት። ጠዋት አሙቄ ቋጠርኩላት።

ጤና ጣቢያ ያገኘናት ነርስ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ሩዙ የት አደረ?» ብላ ነው። ባሲለስ ሴሪየስ የሚባል ባክቴሪያ አለ አለችኝ። ጠንካራ ሽፋን ስላለው ሩዙ ሲቀቀል አይሞትም። ሩዙ በሙቀት ሲያድር ይራባል፣ መርዝም ይተዋል። ያንን መርዝ ጠዋት ማሞቅ አያጠፋውም። እኛ የፎገራ ሩዝ ጎረቤቶች ነን፤ ከጤፍ ጋር ቀላቅለን እንጀራም እንጋግረዋለን። ይህን ግን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

ልጆቹ በማግስቱ ተሻላቸው፣ ተመስገን። እኔ ግን አልተኛሁም። ከወላጅ ኮሚቴው ጋር ሆነን የትምህርት ቤቱን ግቢ ዞረን አየነው።

ልጆቻችን አብረው ነው የሚበሉት። ብቻህን አትብላ ብለን ያሳደግናቸው እኛው ነን፣ እንዲቀርም አልፈልግም። ግን አምስት ያልታጠበ እጅ አንድ ምሳ ዕቃ ውስጥ ሲገባ አሜባውም ጃርዲያውም ታይፎይዱም አብሮ ይጎራረሳል። የእጅ መታጠቢያው ቧንቧ ደግሞ ውሃ የሚኖረው አልፎ አልፎ ነው። ከሽንት ቤት የወጣ ልጅ ቧንቧውን ከፍቶ፣ ጠብቆ፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ።

ለምገባው የሚያበስሉት እናቶች የቻሉትን ያደርጋሉ። ወጡ 4 ሰዓት ላይ ይወርዳል። የመጨረሻው ፈረቃ የሚበላው ግን ከ7 ሰዓት በኋላ ነው። የበሰለ ምግብ በክፍል ሙቀት ከ2 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፤ ከቆየም ከ60 ዲግሪ በላይ እንደሞቀ መሆን አለበት። በባሕር ዳር የሚያዝያ ሙቀት ሦስት ሰዓት ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

ከጣና ቅዱ ያሉን አሉ። የከተማው ፍሳሽ የሚገባበት ያልታከመ ውሃ ግን ለቲማቲም ማጠቢያም አይሆንም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት፣ በተበከለ ምግብ በየዓመቱ 420 ሺህ ሰው ይሞታል። ከእነዚህ 125 ሺህ ያህሉ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው። በዚህ ግቢም አፀደ ሕፃናት አለ።

ስለዚህ የምንለምናችሁ ይህንን ነው። ባለ 5000 ሊትር ሮቶ ከነማቆሚያው። 10 ቧንቧ ያለው የእጅ መታጠቢያ፣ ግማሹ ለትናንሾቹ ዝቅ ያለ። እንደ ፔርሙዝ ሙቀት የሚይዙ 4 ትልልቅ የምግብ ዕቃዎች። ሳሙና። የሮቶውን መጠን ያሰብነው እንዲህ ነው፦ አንድ ልጅ በቀን ሁለቴ ታጥቦ 2 ሊትር ቢጨርስ፣ 600 ልጅ 1200 ሊትር ይፈልጋል። አንዴ ከሞላ ቧንቧው አራት ቀን ቢጠፋም ያደርሰናል።

ዋጋው በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ እዚህ የብር መጠን አልጻፍኩም። ፕሮፎርማውና የኮሚቴው የባንክ ሂሳብ ቁጥር ትምህርት ቤቱ በር ላይ ተለጥፏል። ሂሳቡ በሦስት ሰው ፊርማ ነው የሚንቀሳቀስ፣ ለሰጣችሁት ሁሉ ደረሰኝ አለ። ሲሚንቶ ያለው ሲሚንቶ ይስጠን። የቧንቧ ሠራተኛ ወይም ግንበኛ ከሆናችሁ የአንድ ቀን ሙያችሁ ይበቃናል። ርቃችሁ የምትኖሩ፣ እዚህ ያለ ዘመዳችሁን ላኩልን።

እስከዚያው እናቶች፣ አባቶች፣ አደራ፦ ያደረ ሩዝና ፓስታ አትቋጥሩ። ጠዋት ለመሥራት ካልደረሳችሁ ዳቦና ቆሎ ይሻላል።

የማቆሚያውን መሠረት የምንቆፍረው በደቦ ነው፣ የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት። አካፋና ዶማ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። ቡናው ከእኛ ነው።