የእታለምን ሻንጣ ክፈቺልኝ

ድሬዳዋ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? አዳማስ ተስማማሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አምስት ዓመት ተኩል ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ብድግ ብዬ እንደምን ከርመሻል ማለቴ እንደሚያስከፋሽ አውቃለሁ።

እናትሽ እታለም ስታርፍ አልመጣሁም። ሰኔ 2012 ነበር፣ የኮሮና ጊዜ። ሰው ሁሉ ፈርቶ ቤቱ ተቀምጦ ነበር። ይኼን ለራሴ ስነግረው ኖሬያለሁ። ግን ስልክ ማን ከለከለኝ? መጀመሪያ ምን ብዬ እንደምደውል ጨነቀኝ። ከዚያ ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ፣ ዓመት አለፈ። በቆየሁ ቁጥር እፍረቱ እየከበደኝ መጣ። በእጇ ያጎረሰችኝን ሴት አላለቀስኩላትም። ይቅር በይኝ እህቴ።

አባቴም፣ አባዬ፣ ባለፈው ጥር ዐረፈ። ሰው ነግሮሽ ይሆናል። ታሞ ብዙ አልተሰቃየም። ማታ እንደ ልማዱ ብርጭቆው ውስጥ አንድ ጉንጭ ውኃ አስተርፎ ተኛ፤ ጠዋት አልነቃም። ያቺን የምትተርፍ ውኃ ታስታውሻታለሽ አይደል? "ለምን አትጨርሰውም?" ስንለው "ለነገ" ይለን ነበር። ብርጭቆውን እስከ ሰልስቱ ማንሳት አቃተኝ።

የምጽፍልሽ ስለ እሱ ነው።

ቀብሩ ላይ ምርኩዝ የያዙ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ከሐረር ነው የመጡት። ሬሳው ሲወርድ ምርኩዛቸውን አጠገባቸው ለቆመው ልጅ ሰጡና ቀጥ ብለው ወታደራዊ ሰላምታ ሰጡ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። አፈሩ ተመልሶ እስኪያልቅ ግን አላወረዱትም። ኋላ ድንኳን ውስጥ ጠሩኝና "አባትሽ እንዴት እንደተማረከ ነግሮሽ ያውቃል?" አሉኝ። አያውቅም አልኳቸው። አንቺም ታውቂያለሽ፣ አባዬ ስንጠይቀው "ተያዝን" ብሎ ዝም ነው።

ለካ እንዲህ ነው የሆነው። አባዬ የሦስተኛ ክፍለ ጦር የመገናኛ ወታደር ነበር። በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ፣ መስከረም 1970 ጅጅጋ ስትለቀቅ ጦሩ ወደ ካራማራ ተራራ ማፈግፈግ ጀመረ። አንድ ጥግ ላይ የቆሰሉ ልጆች ቀርተው ነበር። አባዬ ከሬዲዮው ጋር አብሯቸው ቀረ። መኪና እስኪመጣላቸው ድረስ ያሉበትን እየደጋገመ ይናገር ነበር። ሽማግሌው ከቆሰሉት አንዱ ናቸው። መኪናው መጥቶ እነሱን ጭኖ ሲነሳ ዞር ብለው አዩት። ተንበርክኮ ሬዲዮውን በድንጋይ ይሰባብራል፤ ጠላት እጅ እንዳይገባ። መኪናው ላይ ሳይደርስ ቀረ። ከዚያ በኋላ ያዩት ከ11 ዓመት በኋላ ነው።

አቦ፣ እኔ ይኼን ሳላውቅ 48 ዓመት ሞላኝ! ትምህርት ቤት ልጆቹ "የምርኮኛ ልጅ" ሲሉኝ አንቺ ነበርሽ ድንጋይ የምታነሺላቸው። እኔ ግን አንገቴን እደፋ ነበር። ያ ነው አሁን የሚያንገበግበኝ።

ስለዚህ ሜዳይ እንዲሰጠው ማመልከቻ ጽፌያለሁ። ሞቷል፣ አውቃለሁ። ፎቶው ሥር ላደርገው ነው የምፈልገው።

የሄድኩበትን ቢሮ ስም አልጠራልሽም። አንዱ የግል ማኅደሩ የለም አለኝ። ሌላው ፋይሉን እንኳ ሳይገልጥ "የተማረከ ሰው ይሸለማል እንዴ?" አለኝ። እዚያው ፊቱ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። ግን አላለቀስኩም፣ መለስኩለት። ብርጋዴር ጀኔራል ለገሠ ተፈራን ታውቃቸዋለህ? አልኩት። የኤፍ-5 ተዋጊ አውሮፕላን አብራሪው፣ የሶማሊያን ሚግ አውሮፕላኖች የጣሉት። እሳቸውም ተማርከው 11 ዓመት ገደማ ታስረዋል። ሲመለሱ አገር ሸልማቸዋለች። ኩባዊውን ኦርላንዶ ካርዶሶንም ነገርኩት። ጥር 1970 እዚሁ ሐረር አካባቢ ሲዋጋ ነው የተያዘው። ከአስር ዓመት በላይ ታስሮ ሲፈታ ኩባ የሪፐብሊኳ ጀግና ብላ ሰየመችው። ኩባ ለእኛ መሬት የተማረከ ልጇን ካከበረች እኛስ?

ሰውየው ቀና ብሎ አየኝ። "ማስረጃ አምጪ" አለኝ። ከ"አይሆንም" ይሻላል።

ማስረጃው ነው ችግሩ። ግንቦት 1983 ያንን ሌሊት አንቺም ታስታውሺዋለሽ። አባዬ ከተመለሰ ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። ሠራዊቱ ሲበተን እማዬ ደነገጠች። መታወቂያውን፣ የማዕረግ ወረቀቱን፣ ዩኒፎርም ለብሶ የተነሳውን ፎቶ ሁሉ ምድጃ ውስጥ ከተተችው። አባዬ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ ሲነድ ያያል። አንድ ቃል አልተናገራትም። እኔም እማዬን አልፈርድባትም፤ ያኔ የደርግ ወታደር መባል ቀላል አልነበረም። ስንት ቤት ውስጥ ስንት ወረቀት እንደነደደ አስቢው። ማኅደሩ የለም የሚሉን በዚያ ላይ ነው።

ሽማግሌው ለመመስከር ፈቅደዋል። አብሮት የታሰረ አንድ ሰውም እዚሁ ሳቢያን ሰፈር አግኝቻለሁ። አባዬ እስር ቤት ውስጥ መሬቱ ላይ በከሰል ፊደል እየጻፈ ያስተምራቸው ነበር አለኝ። እሱ ራሱ ስሙን መጻፍ የተማረው ከአባዬ ነው። ማመልከቻው ላይ ሲፈርም ስሙን ቀስ ብሎ፣ እያንዳንዱን ፊደል እየጠበቀ ሲጽፍ አየሁት። የአባዬን "ሀ" አየሁበት፤ ያቺ ግራ እግሯ ረዘም የምትለዋን።

እየጠየቅኩ ያወቅኩት ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 የወጣው ሦስተኛው የጄኔቫ ስምምነት ውጊያ እንዳቆመ ምርኮኛ ሳይዘገይ ይለቀቅ ይላል። ካራማራ የተመለሰችው የካቲት 26 ቀን 1970 ነው፤ አባዬ ከተያዘ ስድስት ወር ሳይሞላው። የተለቀቀው ግን ነሐሴ 1980፣ ሁለቱ መንግሥታት መጋቢት ላይ ከተስማሙ በኋላ ነው። ቀይ መስቀል ያኔ የመለሳቸው ኢትዮጵያውያን ከ3,500 በላይ ናቸው። ከእኛም ወገን የተለቀቁ ሶማሌዎች ነበሩ፤ እነሱም ቤታቸው የምትጠብቃቸው ልጅ ነበረቻቸው። አባዬ ይኼን ሁልጊዜ ይል ነበር። ሶማልኛ ተምሮ መመለሱን ታውቂያለሽ። መጋላ ሲገበያይ በሶማልኛ ሲቀልድ ሻጮቹ ይስቁ ነበር። አንድም ቀን ክፉ ሲናገራቸው አልሰማሁም። የሚቃጠለው የገዛ ወገኑ ምርኮኛ ሲለው ነው።

የመጣበት ቀን ትዝ ይልሻል? ከጋሪ ላይ የወረደ ከሲታ ሰውዬ። እኔ ሮጬ የእታለም ቀሚስ ውስጥ ተደበቅኩ። አንቺ ጎትተሽ አወጣሽኝና "አባትሽ ነው፣ ሂጂ ሳሚው" ብለሽ ገፋሽኝ። አስራ አንድ ዓመቴ ነበር። አባቴን ያስተዋወቅሽኝ አንቺ ነሽ።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። እማዬ ማንበብ አትችልም ነበር። በቀይ መስቀል የሚመጡትን የአባዬን ደብዳቤዎች የምታነብላት እታለም ናት። መልሱንም የምትጽፈው እሷው ናት፤ እኔና አንቺ እግሯ ሥር ቁጭ ብለን። ስለ ቤተሰብ ብቻ ነበር መጻፍ የሚቻለው። "ልጅህ ቆመች፣ ልጅህ ጥርስ አወጣች።" ለስንቱ ቤተሰብ እኮ ያቺም አልደረሰችውም። እታለም ካነበበችላት በኋላ እማዬ "አንቺው ጋ ይቀመጥልኝ፣ እኔ ቤት ይጠፋል" ትላት ነበር። እታለም ከአልጋዋ ሥር ካለችው ቡናማ ሻንጣ ውስጥ ትከታቸው ነበር። ምድጃው ውስጥ አልገቡም ማለት ነው።

እያንዳንዱ ወረቀት ላይ ስሙ፣ የምርኮኛ ቁጥሩና ቀኑ አለ። ቁጥሩ ከተገኘ ጄኔቭ ካለው የቀይ መስቀል መዝገብ የምርኮ ማረጋገጫ መጠየቅ ይቻላል። በስሙ ብቻ እንዳልፈልገው ስንት ሰው በዚያ ስም ይጠራል መሰለሽ።

ሻንጣዋን ወደ አዳማ ወስደሽዋል ብለውኛል። እስካሁን ሳትከፍቺው ቆይተሽ ከሆነ ይገባኛል፤ እኔም የአባዬን ኮት ኪስ እስካሁን አልፈተሽኩም። ብትችዪ ግን ክፈቺልኝ። ካገኘሽ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። ዋናውን በሰው እጅ አትስጪው። የአባዬ ሙት ዓመት ጥር ላይ ነው። ራስሽ ይዘሽው ነይ። ለእታለምም ያላለቀስኩትን ያኔ አብረን እናለቅሳለን። አልጋሽ ተነጥፎ ይጠብቅሻል።

ልጆቹን ሳሚልኝ።

ያቺው የገንደ ቆሬ ጎረቤትሽ