ጥደሽ አትቀመጪ

ይድረስ ለልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የእናትሽ ጉልበት ያው ነው፣ ክረምት ሲገባ ይብስባታል።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። እሁድ ስደውል ስልኩን ያነሳችው ትልቋ ናት። «አባባ፣ እማዬ ድስት አቃጠለች፣ ቤቱ በሙሉ ጭስ ሆነ» አለችኝ። እየሳቀች ነው የምትነግረኝ። ከሌሊት ፈረቃ ገብተሽ፣ ቀኑን ሳትተኚ ውለሽ፣ ለእራት ዶሮ ጥደሽ፣ ሶፋው ላይ አረፍ ልበል ስትዪ እዚያው እንቅልፍ ወሰደሽ። የነቃሽው ልጅቷ ስትጎትትሽ ነው። «የጭስ አላርሙስ አልጮኸም?» ብላት፣ «ባትሪውን እማዬ አውጥታዋለች፣ ቡና ስትቆላ ስለሚጮህባት» አለች።

ይህን ለእናትሽ አልነገርኳትም። አንቺም እንዳትነግሪያት፣ ሌሊቱን ሙሉ ቆማ ነው የምታድረው።

በስልክ ብነግርሽ «እሺ አባዬ» ብለሽ ትዘጊዋለሽ። ወረቀት ግን ፍሪጅ ላይ ይለጠፋል። ስለዚህ ጻፍኩ። ጥደሽ አትቀመጪ። ምድጃው ከተለኮሰ እስኪጠፋ ቆመሽ ነው።

ትልቋ ሌላም ነገር ነግራኛለች። አብዛኛውን ማታ እራታችሁ በካርቶን ነው የሚመጣው። አልፈርድብሽም። ዶሮ ወጥ የሥራ ቀን ምግብ አይደለም። አሥራ ሁለት ብልት አውጥቶ፣ ያን ሁሉ ሽንኩርት አቁላልቶ፣ ማን ይችላል? እሱን ለበዓል ተዪው። ለሥራ ቀን የእኔን የዶሮ ፓስታ ላስተምርሽ።

ትስቂ ይሆናል። አባትሽ ቤት ውስጥ ውሃ ሲያፈላ አይተሽው አታውቂም። ቤቱ የእናትሽ ግዛት ነው፣ ማን ያስገባኛል? የአሰብ መንገድ ላይ ግን ወጥ ቤቱ እኔ ነበርኩ። ኤንትሬዋ፣ የጭነት መኪናችን፣ ላይ አንድ ድስት፣ አንድ የነጭ ጋዝ ምድጃና አንድ ጀሪካን ውሃ አለን። ሚሌን ካለፍሽ ውሃ በቀላሉ አይገኝም። ፓስታ ቀቅሎ ውሃውን መድፋት የሚባል ነገር አናውቅም። ለክተን እናስገባለን፣ ፓስታው ይጠጣዋል፣ የቀረው ስጎውን ያወፍረዋል። ዛሬ ሰው በየስልኩ «በአንድ መጥበሻ» እያለ የሚያሳየው እኮ ይኸው ነው። ሾፌር ሁሉ የሚያውቀውን።

እንግዲህ ስሚኝ። አጥንት የሌለው የዶሮ ታፋ ግዢ፣ ደረቱ ቶሎ ይደርቃል። ለአራታችሁ ግማሽ ኪሎ፣ በናንተ ሚዛን አንድ ፓውንድ ትንሽ አለፍ ያለ ይበቃል። ትንንሽ አድርገሽ ቁረጪው፣ ቶሎ እንዲበስል። እናትሽ በሎሚና በጨው ሳታሽ ዶሮ አትነካም። እዚህ አገር ታርዶ፣ ላባው ተነጭቶ ለሚመጣው ልክ ናት። አንቺ የምትገዢው ግን ተጠራርጎ የታሸገ ነው። ሲንክ ውስጥ ስታጥቢው ውሃው ሰሃኑም ሰላጣውም ላይ ይረጫል፣ የልጆቹን ሆድ የሚያመው እሱ ነው። በወረቀት አድርቂው፣ ከዚያ እጅሽን በሳሙና።

ሰፋ ያለ ጎድጓዳ መጥበሻ ያስፈልግሻል፣ ክዳን ያለው። ክዳኑን አጠገብሽ አድርጊው። ዘይቱ እሳት ከያዘ ምድጃውን አጥፊና ክደኚው። ውሃ እንዳታፈሺበት! መጥበሻውንም ተሸክመሽ እንዳትሮጪ። እስኪበርድ ክዳኑን አታንሺው።

ዘይቱ ሲግል ዶሮውን ጨው ነስንሰሽ አስገቢ። አትነካኪው። ከሥር ቡናማ ሲሆን አገላብጪው። ስድስት ሰባት ደቂቃ ይበቃዋል። አውጪና ሰሃን ላይ አቆዪው። በዚያው ዘይት ሁለት ራስ ሽንኩርት፣ ሲለሰልስ አራት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ ከዚያ ሁለት ማንኪያ የቲማቲም ድልህ። ድልሁን ቀለሙ ጠቆር እስኪል አማስዪው፣ ጥሬው ይጎመዝዛል። ከላክሁልሽ በርበሬ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨምሪ። ትንሹን ካቃጠለው ቀንሺ፣ ግን ጨርሰሽ አታስቀሪ፣ መልመድ አለበት። አሁን አንድ ሊትር ውሃ። ሲፈላ ስፓጌቲውን ለሁለት ሰብረሽ ክተቺ። የናንተ ፓኬት አንድ ፓውንድ ነው፣ ሩቡን አስቀሪ። ስፓጌቲ መስበር ጣልያኖቹን ያስቆጣል አሉ። ይቆጡ፣ የእኛ ድስት ጠባብ ነበረች።

ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ፓስታው ገባ፣ አሥር ደቂቃ አለኝ ይላል። የለሽም። ውሃው ጥቂት ስለሆነ ቶሎ ቶሎ ካላማሰልሽው ከሥር ይይዛል። ጥደሽ አትቀመጪ።

ረዳቴን ታስታውሺዋለሽ? ከመተሐራ ሸንኮራ ያመጣልሽ የነበረውን። ጣቱ ለምን እንደዚያ እንደሆነ ትጠይቂኝ ነበር፣ እኔም «ጎማ ነው» እልሽ ነበር። ጎማ አይደለም።

ቡና ጭነን ወደ አሰብ እየወረድን ነው። ዶሮዋን አዋሽ ላይ ገዝተን፣ እግሯን አስረን ይዘናታል። የዚያን ቀን ሁለት ጎማ ፈነዳብን፣ ሁለቱንም በዚያ ሐሩር የቀየረው እሱ ነው። ሎጊያን አልፈን ለማደር ቆምን። እኔ ጋቢና ውስጥ ጋደም አልኩ። እሱ ድስቱን ጣደና ጎማው ላይ ደገፍ አለ። ልብ በይ፣ ልተኛ ብሎ አይደለም። ደገፍ ነው ያለው።

የቀሰቀሰኝ የቡና ሽታ ነው። በእንቅልፍ ልቤ ቤቴ ያለሁ፣ እናትሽ ቡና የምትቆላ መሰለኝ። ደስ ብሎኝ ገልበጥ አልኩ። ከዚያ ሙቀቱ ፊቴን ሲመታኝ ብድግ ስል ሸራው ተያይዟል፣ ጆንያው እየነደደ ነው። እኔ አሸዋ ስዝቅ እሱ ሸራውን በእጁ ጎትቶ ጣለው። መኪናዋ ተረፈች። ከቡናውም አብዛኛው ተረፈ። እጁ ግን አልተረፈም።

በባቲ በኩል ደሴ እስክናደርሰው አንዴ አልጮኸም። «ጋሼ፣ አልተኛሁም እኮ» ብቻ ነው የሚለኝ። መንገዱን ሁሉ እሱን ሲደጋግም አመሸ። እውነቱን ነው። የደከመ ሰው መቼ እንቅልፍ እንደወሰደው አያውቅም።

በ1990 የአሰብ መንገድ ሲዘጋ ሁላችንም ተበታተንን። እኔ ጅቡቲ መስመር ገባሁ። እሱ ኮምቦልቻ ዘመዶቹ ጋ ሄደ ሲሉ ሰማሁ። ኮምቦልቻ ከመንገዴ ወጣ ይላል፣ በሚቀጥለው እሄዳለሁ፣ በሚቀጥለው እያልኩ ጡረታ ወጣሁ። ይቆጨኛል። አሁን ብጠይቅስ ማን ያውቀዋል?

እና አንቺ «አረፍ ብዬ ነው እንጂ አልተኛሁም» ብለሽ ለልጅሽ ስትነግሪያት፣ ያን ረዳቴን ነው የሰማሁት። ሰነፍ ነሽ ማለቴ አይደለም። እሱም ሰነፍ አልነበረም። ጥደሽ አትቀመጪ።

የት ደረስን? ፓስታው። ሊደርስ አራት ደቂቃ ያህል ሲቀረው ዶሮውን ሰሃኑ ላይ ከወጣው ውሃ ጋር መልሺው። ውሃ ካነሰው ግማሽ ስኒ ሙቅ ጨምሪ። አንዱን ትልቁን ቁራጭ ቆርጠሽ እዪ፣ ውስጡ ሮዝ መሆን የለበትም። ቴርሞሜትር ካለሽ 165 ፋራናይት ማሳየት አለበት። እሳቱን ካጠፋሽ በኋላ በሶብላውን በእጅሽ አሽተሽ በትኚበት። ቺዝ ልጆቹ ከፈለጉ ይነስንሱ፣ እኔ አልወደውም። የተረፈውን ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ፍሪጅ አስገቢ። ረቡዕና ዓርብ በዶሮው ፋንታ የተቀቀለ ሽምብራ ያስኬዳል።

የኔ እናት፣ አንቺ እራትሽን ስትበዪ ያየሁባቸው ማታዎች ጥቂት ናቸው። ስገባ ተኝተሽ ነበር የማገኝሽ። ስለዚህ አሁን ምን ትበያለሽ እያልኩ ብጨቀጭቅሽ ቻዪኝ።

በጣም ደክሞሽ የገባሽ ቀን ምድጃውን ጭራሽ አትለኩሺ። ዳቦና ወተት ለአንድ ማታ ማንንም አልገደለም። ወይ ባልሽ ይሥራ። ቀኑን ሙሉ መኪና የሚነዳ ሰው ፓስታ መሥራት ያቅተዋል ቢሉኝ አላምንም። ይህን ወረቀት ስጪው። እሱም ቢሆን ጥዶ አይቀመጥ፣ ስልኩንም ኪሱ ይክተት።

ባትሪውን ደግሞ ዛሬውኑ መልሺ። ነገ አይደለም። ቡና ስትቆላ የሚጮህ ከሆነ መስኮት ይከፈታል፣ ማራገቢያው ይበራል። ካልሆነም የሕንፃውን ሰዎች ከምድጃው ራቅ አድርገው እንዲሰቅሉት ጠይቂ። መልሰሽ ስትጨርሺ ቁልፉን ተጭነሽ አስጩኺው፣ እኔም በስልክ ልስማው። እሁድ እደውላለሁ።

በርበሬው ሁለት ኪሎ ነው። ግማሹን ለአክስትሽ ልጅ ስጫት፣ ያንቺን በትንንሽ ላስቲክ ከፋፍለሽ ፍሪዘር ውስጥ አድርጊው። በሶብላው በጥቁሩ ፌስታል ነው ያለው። ይህን ያመጣልሽን ልጅ በር ላይ ተቀብለሽ እንዳትሸኚው፣ የሰው ልጅ ነው፣ ስንት ሰዓት በርሮ የመጣ። አስገቢና እራት አብዪው። ለእሱ ያስቀረሽውን ሩብ ፓኬት ጨምሪ፣ ውሃውንም አብረሽ ጨምሪ።

አባትሽ