ጉዳዩ፦ ሰነዶቻችንን ወደ ክላውድ (በኢንተርኔት ወደሚከፈት ማከማቻ) የማዛወር ሥራ ያለ ዕቅድ ስለመከናወኑ የቀረበ ቅሬታ

ለአገልግሎት ሰጪው ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ
ከማኅበሩ የመዝገብና ሰነድ ክፍል፣ አዘዞ፣ ጎንደር

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ በቅድሚያ ሰላምታዬ ይድረስዎት።

በስልክ መግባባት ስላቃተን ነው የምጽፈው። ቴክኒሻኖቻችሁን በጠየቅሁ ቁጥር መልሳቸው “ፋይሎቹ እኮ ተጭነዋል፣ ምን ጎደለ?” ነው። የጎደለውን ላስረዳ።

የውላችን የመጀመሪያ ሥራ የዝውውር ዕቅድ ማዘጋጀት ነው። ለብቻውም ከፍለንበታል። የደረሰን ግን አንድ ገጽ ወረቀት ነው፤ ግርጌው ላይ የሌላ ደንበኛችሁ ስም እንኳ አልተነሳለትም። “ይህ ፎልደር የማን ነው? ማን ይየው? የቱ ይቅር?” ብሎ የጠየቀን አንድም ሰው የለም። ቤት የሚቀይር ሰው እንኳ ዕቃ ሳይጭን የማይፈልገውን ይጥላል። የእኛ “የመጨረሻ”፣ “የመጨረሻ የተስተካከለ”፣ “የመጨረሻ የመጨረሻ” የሚባሉት የአንድ ሪፖርት ቅጂዎች ግን ሁሉም አብረው ተሻገሩ።

ይሄ ይለፍ። የባሰው የቀኑ ነገር ነው። ሰነዶቻችን በተጫኑበት የማይክሮሶፍት የክላውድ ማከማቻ፣ በሼርፖይንት ላይ፣ በ2009 ዓ.ም. የተጻፈ የግዥ ቃለ ጉባኤ ስከፍት፣ የተሻሻለበት ቀን ተብሎ የሚታየው እናንተ የጫናችሁበት ቅዳሜ ነው። ያሻሻለው ሰው ደግሞ የእናንተ ቴክኒሻን። ሁሉም ፋይል እንደዚያው ነው። ነገ ኦዲተር መጥቶ “ይህን ቃለ ጉባኤ ማን ነካካው?” ቢለኝ ምን ልመልስ? ፋይሎቹ በብራውዘር እየተጎተቱ ስለተጫኑ ነው እንዲህ የሆነው። ማይክሮሶፍት በነፃ የሚሰጠው የሼርፖይንት ማይግሬሽን ቱል (የፋይል ማዛወሪያ ፕሮግራም) የድሮውን ቀን ይዞ ያሻግራል። የሠራተኞች አካውንት በትክክል ከተዛመደለት የጸሐፊውን ስምም አይጥልም። ከመጫኑ በፊትም ስካን አድርጎ ችግር ያለባቸውን ፋይሎች ዘርዝሮ ያወጣል። ነፃው መሣሪያ እያለ እኛ ከፍለን በእጅ ተጎተተልን።

ሁለተኛው የፈቃድ ጉዳይ ነው። በድሮው ሰርቨር የደመወዝ ፎልደሩን ከፋይናንስ ሰዎች በስተቀር ማንም አይከፍተውም ነበር። እናንተ ሁሉንም አንድ ቦታ ከታችሁ ለሁሉም ሠራተኛ አንድ ዓይነት ፈቃድ ሰጣችሁት። ሹፌራችን ስልኩ ላይ የሁላችንንም ደመወዝ አየ። ደግነቱ ጨዋ ሰው ነው፤ ወዲያው መጥቶ ነገረኝ። የምንረዳቸው ሕፃናት ማኅደርም እዚያው ተዘርግፎ ነው ያለው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በወጣበት አገር ይሄ እንደ ቀላል ነገር አይታለፍም። ፈቃድ የሚሰጥበትንና የሚነሳበትን የአድሚን አካውንት እስካሁን ስላላስረከባችሁን እኛ ራሳችን መዝጋት አልቻልንም።

ሦስተኛው አማርኛው ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች በጋራ የሚጠቀሙበት የፊደላት ኮድ) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያም በኋላ ቢሮዎች ለዓመታት ዩኒኮድ ባልሆነው አሮጌ የአማርኛ መጻፊያ፣ በቪዥዋል ግዕዝ፣ ሲጽፉ ኖረዋል፤ እኛም እንደዚያው። ያ ፎንት ባለበት ኮምፒውተር ደብዳቤዎቹ ጥርት ብለው ይነበባሉ። ብራውዘር ላይ ግን የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ናቸው። በአማርኛ ብትፈልጓቸውም አይገኙም። ከእያንዳንዱ ክፍል ጥቂት ፋይል ወስዶ ቀድሞ የሞከረ ሰው ቡና ሳይፈላ ይደርስበት ነበር። በአንድ ክፍል ጀምሮ ማየት የሚባለው ነገር ዕቅዳችሁ ውስጥ የለም።

ስለ ጊዜውም ልበል። “በቅዳሜና እሁድ እንጨርሳለን” ብላችሁ ነበር። 400 ጊጋባይት በሰከንድ 10 ሜጋቢት በሚጭን መስመር ሳይቋረጥ ቢሄድ እንኳ ከ3 ቀን ተኩል በላይ ይፈጃል። በዚያ ላይ መብራቱ ሄድ መጣ ይላል። ሰኞ ጠዋት ብዙ ፎልደሮች ባዶ ነበሩ። የድሮው ድራይቭ ለንባብ ብቻ አልተደረገም፤ ስለዚህ ገሚሱ ሠራተኛ በድሮው፣ ገሚሱ በአዲሱ መሥራቱን ቀጠለ። አሁን የአንድ በጀት ሁለት ቅጂ አለን፤ ሁለቱም ተሻሽለዋል። እርስ በርስ የተያያዙት የኤክሴል ፋይሎችም የድሮውን ድራይቭ መንገድ እየፈለጉ ስህተት ያሳያሉ።

የምንጠይቀው ይህን ነው። የደመወዙንና የሕፃናቱን ፎልደሮች ዛሬውኑ ዝጉ፣ የአድሚን አካውንቱንም አስረክቡን። የድሮውን ሰርቨር አትንኩት፤ ምትኬያችን እሱ ብቻ ነው። ከዚያ ሰው ልካችሁ ከየክፍል ኃላፊው ጋር ቁጭ ብሎ ምን እንዳለን ይመዝግብ። በፋይናንስ ሳይሆን ብዙም በማይጎዳ ክፍል ተሞክሮ፣ እኛ አይተን ስንፈርም ሌላው ይቀጥል። ቪዥዋል ግዕዞቹ ወደ ዩኒኮድ ይለወጡ ወይስ በፒዲኤፍ ይቀመጡ የሚለውን አብረን እንወስናለን። ድጋሚ ሥራው ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንዲሆን እንጠይቃለን። ቀሪው ሒሳብ የሚለቀቀው ርክክቡ ሲፈረም ነው።

መልሳችሁን በጽሑፍ እንጠብቃለን።

ከሰላምታ ጋር
የመዝገብና ሰነድ ክፍል ኃላፊ

ግልባጭ፦
ለማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ
ለፋይናንስ ክፍል