ፍሬኑን ፈትቶ መጣል ጥገና አይደለም

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በአዲስ አበባ የእንጨት ሥራ ቤቶች የመጋዝ ማሽኖችን ስጠግን ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ሰሞኑን በተጠራሁበት አንድ ቤት፣ ማሽኑ ከጠፋ በኋላም ላማው (እንጨቱን የሚቆርጠው ስለት) መዞሩን ስላላቆመ፣ አንድ ወጣት ሠራተኛ ቁራጭ ጣውላ ከጎኑ እየገፋበት ሊያስቆመው ሲታገል አየሁ። ስጠይቅ፣ ፍሬኑ «አንዳንዴ አይይዝም፣ አንዳንዴ አይለቅም» ሲባል ቆይቶ በመጨረሻ ተፈትቶ መጣሉን ነገሩኝ።

ላማውን የሚያዞሩት የእነዚህ ዲናሞዎች (ሞተሮች) ፍሬን የሚይዘው በሞላ (በስፕሪንግ) ጉልበት፣ የሚለቀው ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማግኔት የብረት ሳህን ሲስብ ነው፤ መብራት በድንገት ቢቋረጥም የሚይዘው ስለዚህ ነው። በማግኔቱና በሚስበው የብረት ሳህን መካከል ያለው ክፍተት ከአንድ ሚሊ ሜትር በጣም ያነሰ ሲሆን፣ የፍሬኑ ሸራ (እየተፋተገ የሚያቆመው ንጣፍ) ባለቀ ቁጥር እየሰፋ ይሄዳል። ከመጠን ሲያልፍ ማግኔቱ ሳህኑን መሳብ ያቅተውና ዲናሞው ፍሬን እንደያዘ ለመዞር ይታገላል፣ ይግላል፣ የተቃጠለ ሽታ ያመጣል። የመብራቱ ኃይል ሲወርድ ይብሳል፤ ጠዋት ደህና የሠራ ማሽን ማታ የሚያስቸግረው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ያን ጊዜ ዲናሞው ተቃጠለ ተብሎ ሽቦው እንደገና እንዲጠቀለል ይላካል፤ ክፍተቱን የሚለካ ግን ከስንት አንድ ነው።

ፍሬኑ የሚዘገይ ከሆነ አስቀድሞ ሸራውን ዘይት ወይም ግሪስ ነክቶት እንደሆነ ይታይ። ቀጥሎ የፍሬኑ ኤሌክትሪክ ከየት እንደሚመጣ ይመርመር። ከራሱ ከዲናሞው ጫፎች የተወሰደ ከሆነ፣ መስመሩ ከተቆረጠ በኋላም እየዞረ ያለው ዲናሞ ለጥቂት ጊዜ ኃይል ስለሚያመነጭ ፍሬኑ ወዲያው አይይዝም። መፍትሔው ከሬክቲፋየሩ (ተለዋዋጩን ኤሌክትሪክ ለማግኔቱ ወደ ቀጥተኛ ከሚቀይረው ዕቃ) ወደ ማግኔቱ የሚሄደውን መስመር ራሱን በኮንታክተር (በኤሌክትሪክ በሚታዘዝ ማብሪያና ማጥፊያ) መቁረጥ ነው። የዲናሞውን ፍጥነት የሚቀንስ ኢንቨርተር በኋላ ከተገጠመ ደግሞ ፍሬኑ ከኢንቨርተሩ በፊት የራሱ መስመር ሊኖረው ግድ ነው።

በአውሮፓ ለእንደዚህ ዓይነት መጋዞች የወጡት የደህንነት ደረጃዎች ላማው በአብዛኛው በ10 ሰከንድ ውስጥ እንዲቆም ይጠይቃሉ። የእኛም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛውን ደህንነት የመጠበቅ ግዴታ በአሠሪው ላይ ጥሏል። የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች ወደ እንጨት ሥራ ቤቶች ሲገቡ የላማውን መከለያ ከማየት ባሻገር ማሽኑን አስነሥተው፣ አጥፍተው፣ በስንት ሰከንድ እንደሚቆም በሰዓት እንዲለኩ በጋዜጣችሁ በኩል አጥብቄ እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የኤሌክትሪክ ጥገና ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ