ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት

ለውድ ደንበኞቻችን

ጉዳዩ፦ ሳይፈለጉ ኮምፒውተር ውስጥ የሚገቡ የማስታወቂያ ሶፍትዌሮችን ስለማስወገድና ስለመከላከል

ወደ ጥገና ክፍላችን ላፕቶፕ ይዘው ከሚመጡ ደንበኞች ደጋግመን የምንሰማው «ቫይረስ ገብቶበታልና ፎርማት አድርጉልኝ» የሚል ጥያቄ ነው። ማሽኑን ከፍተን ስንመለከት ግን ብዙውን ጊዜ የምናገኘው ፋይል የሚያበላሽ ቫይረስ ሳይሆን ማስታወቂያ የሚያሳይ ሶፍትዌር ነው። አንድ ድረ ገጽ ሲከፈት ሌላ ገጽ አብሮት ይከፈታል፤ ጎግል ላይ የተጻፈው ጥያቄ ወደማይታወቅ መፈለጊያ ይዞራል፤ በስክሪኑ ቀኝ ጥግ የውርርድና የ«ሽልማት አሸንፈዋል» መልእክት ይደረደራል። ይህ ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ፎርማት ይወገዳል።

ፎርማት ማድረግ፣ ማለትም ዲስኩን ሙሉ በሙሉ አጥፍቶ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን፣ ለባለሙያው ቀላል ሥራ ነው። ለባለቤቱ ግን የመመረቂያ ጽሑፉ፣ የሱቁ የሂሳብ መዝገብ፣ የልጁ የክርስትና ፎቶግራፍ የሚጠፋበት ቀን ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ ማስታወቂያው በየት በኩል እንደገባ ካልታወቀ፣ ባለቤቱ የለመደውን ፕሮግራም ከለመደው ቦታ አውርዶ መልሶ ሲጭን ያው ችግር ይመለሳል። ይህን ደብዳቤ የምንልክላችሁ እኛ ዘንድ ከመምጣታችሁ በፊት ቤታችሁ ሆናችሁ ልትሠሩት የምትችሉት ብዙ ነገር ስላለ ነው።

በመጀመሪያ ነገሩ ለምን እንደሚኖር ብትረዱ አካሄዱ ይገባችኋል። ነፃ ፕሮግራም ወይም ፊልም የሚያቀርቡ ብዙ ድረ ገጾች ገቢያቸውን የሚያገኙት ከሌላ ሰው ሶፍትዌር ነው። የማስታወቂያ ሶፍትዌሩ ባለቤት በተጫነ ቁጥር በእያንዳንዱ ኮምፒውተር ሂሳብ ይከፍላቸዋል፤ እሱ ደግሞ ከሚያሳያችሁ ማስታወቂያና አቅጣጫውን ካስቀየረው ፍለጋችሁ ያገኛል። እናንተ የምትከፍሉት በዝግታ፣ በግላዊ መረጃና በኢንተርኔት ጥቅል ነው። በተለይ ከስልክ ላይ ዋይፋይ እያጋራችሁ ላፕቶፕ የምትጠቀሙ ደንበኞች፣ ጥቅላችሁ ምን እንደበላው ሳታውቁ ካለቀ ይህንንም ጠርጥሩ።

አሁን ወደ ማስወገዱ እንግባ። አስቀድማችሁ አስፈላጊ ፋይሎቻችሁን በውጭ ሃርድ ዲስክ ወይም በፍላሽ ገልብጡ። ከዚያ የመጀመሪያው ምርመራ ከቀላሉ ይጀምር፤ እሱም የብራውዘር (እንደ ክሮምና ኤጅ ያለ የድረ ገጽ መክፈቻ) ማሳወቂያ ነው።

በስክሪኑ ጥግ የሚወጡት መልእክቶች ቫይረስ የሚመስሉት ብራውዘሩ ተቀንሶም ሆነ ሌላ ሥራ እየተሠራ ስለሚመጡ ነው። «ኮምፒውተርዎ በ5 ቫይረሶች ተጠቅቷል» የሚል ቀይ ምልክት ሲወጣ መጀመሪያ መልእክቱን ሳይሆን ከሥሩ ወይም ከአናቱ ያለውን ትንሽ ጽሑፍ አንብቡ። «ጎግል ክሮም» ወይም «ማይክሮሶፍት ኤጅ» የሚል ስም፣ አጠገቡም የአንድ ድረ ገጽ አድራሻ ካለ፣ ማሽናችሁ ላይ የተጫነ ፕሮግራም የለም ማለት ይቻላል። አንድ ቀን ፊልም ለማየት ወይም መጽሐፍ ለማውረድ የገባችሁበት ገጽ «ሮቦት አለመሆንዎን ለማረጋገጥ አሎው የሚለውን ይንኩ» ብሏችሁ ነክታችኋል። የተጠየቃችሁት ሮቦት አለመሆናችሁን ሳይሆን ማስታወቂያ እንዲልክላችሁ ፈቃድ ነበር። ፈቃዱን የሰጣችሁት እናንተ ስለሆናችሁ አንቲቫይረስ ቢፈትሽ ምንም አያገኝም፤ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ፎርማት የሚያስደርገውም እዚህ ላይ ነው።

መፍትሔው የደቂቃዎች ሥራ ነው። በክሮም ላይ ከቀኝ በላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጭናችሁ «ሴቲንግስ»፣ ቀጥሎ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ»፣ ቀጥሎ «ሳይት ሴቲንግስ»፣ ከዚያ «ኖቲፊኬሽንስ» ውስጥ ግቡ። ማሳወቂያ እንዲልኩ የተፈቀደላቸው ገጾች ዝርዝር እዚያ ታገኛላችሁ። የማታውቁትን ሁሉ ሰርዙ። በዚያው ገጽ ላይ ድረ ገጾች ጭራሽ ፈቃድ እንዳይጠይቋችሁ ማድረግ ትችላላችሁ፤ እኛ ለቤት ኮምፒውተር ሁሉ ይህን እንመክራለን፤ ከኢሜይልና ከመሳሰሉት ጥቂቶች በቀር ማሳወቂያ መላክ የሚያስፈልገው ድረ ገጽ እምብዛም የለምና።

ማስታወቂያው ከዚህ በኋላም ከቀጠለ የተጫነ ነገር አለ ማለት ነው። የዊንዶውስን «ሴቲንግስ» ከፍታችሁ «አፕስ» ውስጥ የተጫኑትን ፕሮግራሞች ዝርዝር አውጡ። ዝርዝሩ በፊደል ቅደም ተከተል ስለሚቀርብ ብዙም አይጠቅማችሁም፤ በተጫኑበት ቀን እንዲደረደር አድርጉት። ያን ጊዜ ነገሩ ወለል ብሎ ይታያል፦ የቪዲዮ ማጫወቻውን በጫናችሁበት በዚያው ዕለት፣ እናንተ የማታውቋቸው የአየር ሁኔታ ማሳያ፣ «የኮምፒውተር ፍጥነት መጨመሪያ»፣ የኩፖን መፈለጊያ አብረው ገብተዋል። እነሱን አራግፏቸው። ስታራግፉ «በእርግጥ ልታጡን ትፈልጋላችሁ?» እያሉ የሚለማመጡና የማቆያ ቁልፉን አጉልተው የማስወገጃውን የሚያደበዝዙ ስላሉ ሳትቸኩሉ አንብቡ። «ማይክሮሶፍት ቪዡዋል ሲ ፕላስ ፕላስ» የሚሉትን፣ የኢንቴልን፣ የሪልቴክንና የማሽናችሁን አምራች ስም የያዙትን ግን አትንኩ፤ ድምፅ ወይም ዋይፋይ ጠፋ ብለው የሚመጡልን ሰዎች አሉና።

ቀጥሎ የብራውዘሩ ኤክስቴንሽኖች ናቸው፤ እነዚህ በብራውዘሩ ላይ የሚጨመሩ ትናንሽ መገልገያዎች ናቸው። ያልጫናችሁትን አስወግዱ። የጫናችሁትን ደግሞ ዛሬም ትጠቀሙበት እንደሆነ ራሳችሁን ጠይቁ፤ ትናንት ጥሩ የነበረ ኤክስቴንሽን ዛሬ ባለቤቱ ተቀይሮ ሊሆን ይችላልና። «ግሬት ሰስፔንደር» የሚባለው የክሮም ኤክስቴንሽን ከ2 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚዎች የነበሩት የታመነ መገልገያ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 ለማይታወቅ ወገን ተላለፈ፤ በ2021 የካቲት ወር አካባቢ ጎግል ጎጂ ኮድ ይዟል ብሎ አገደው። ከእነዚያ ተጠቃሚዎች ብዙዎቹ አዲስ የጫኑት ነገር አልነበረም።

ከዚያ ብራውዘሩን ወደ መጀመሪያ ይዞታው መልሱት። በክሮምና በኤጅ «ሪሴት ሴቲንግስ»፣ በፋየርፎክስ «ሪፍሬሽ ፋየርፎክስ» ይባላል። ያስቀመጣችኋቸው አድራሻዎችና የይለፍ ቃሎች አይጠፉም። ካጸዳችሁ በኋላ ያው ኤክስቴንሽን ተመልሶ ከመጣ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ወደ ብራውዘሩ የገባችሁበት አካውንት ነው፤ በቢሮ ኮምፒውተራችሁም በዚያው አካውንት ገብታችሁ ከሆነ ከዚያ እየተገለበጠ ይመጣል። ስለዚህ ሁለቱንም አጽዱ። በግል ኮምፒውተራችሁ ላይ ክሮም «ይህ ብራውዘር በድርጅታችሁ ይተዳደራል» የሚል መልእክት ካሳያችሁ ደግሞ ሌላ ፕሮግራም ብራውዘሩን የሚቆጣጠር ሕግ አስገብቶበት ሊሆን ይችላልና እሱን ለባለሙያ ተዉት።

ለማጠናቀቂያ «አድደብልዩክሊነር» የተባለውን የማልዌርባይትስ ነፃ መሣሪያ እንመክራለን። በዊንዶውስ ላይ መጫን ሳያስፈልገው ይሠራል፤ ያገኘውን ዘርዝሮ ያሳያችኋል፤ እናንተ ስትፈቅዱ ለብቻው አግልሎ ያስቀምጠዋል። ከማልዌርባይትስ ከራሱ ድረ ገጽ ብቻ አውርዱት። ጎግል ላይ ስትፈልጉ ከላይ የሚመጡትን «ስፖንሰርድ» የሚል ምልክት ያለባቸውን ውጤቶች እለፏቸው፤ ማጽጃ ፍለጋ የወጣ ሰው ሌላ ማስታወቂያ ይዞ የሚመለሰው በእነሱ በኩል ነውና።

«ማስታወቂያ ብቻ ከሆነ ምን ጎዳኝ» የሚሉ ደንበኞች አሉ። ጉዳቱ ከመሰላቸት ያልፋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2014 መጨረሻ አካባቢ በተሸጡ አንዳንድ የሌኖቮ ላፕቶፖች ላይ «ሱፐርፊሽ» የተባለ የማስታወቂያ ሶፍትዌር ከፋብሪካው ተጭኖ ነበር። ሶፍትዌሩ በተመሰጠሩ ገጾች ላይም ማስታወቂያ ለማስገባት ሲል የራሱን የደኅንነት ሰርተፍኬት፣ ማለትም ብራውዘር አንድን ገጽ እውነተኛ ብሎ የሚያምንበትን ማረጋገጫ፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ አስቀመጠ። ማረጋገጫውን ለመፈረም የሚያገለግለው ሚስጥራዊ ቁልፍም በሁሉም ማሽኖች ላይ አንድ ዓይነት ነበር። በየካቲት 2015 ነገሩ ሲወጣ፣ ያን ቁልፍ ያገኘ ሰው በአንድ ዋይፋይ ላይ ሆኖ የባንክ ገጽ መስሎ ሊቀርብ እንደሚችል ታወቀ፤ ብራውዘሩም ከአድራሻው አጠገብ ገጹ አስተማማኝ መሆኑን የሚያመለክተውን የጓጉንቸር ምልክት ያለ ማስጠንቀቂያ ያሳይ ነበር። ሌኖቮ ማስወገጃ አወጣ፤ በ2017 ደግሞ ጉዳዩን ከአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጋር በስምምነት ቋጨ። ማስታወቂያ ለማሳየት ተብሎ የተከፈተ በር ለማንም ክፍት ነው። የማስታወቂያ ሶፍትዌር ባለበት ኮምፒውተር በባንክ ገጽ ገብታችሁ ከነበረ፣ ካጸዳችሁ በኋላ የይለፍ ቃላችሁን ቀይሩ። ያገለገለ ላፕቶፕ የምትገዙም ከሻጩ ጋር የመጣውን ዊንዶውስ አትመኑት፤ ፎርማት እኛ ራሳችን ከምንመክርባቸው ጥቂት ጊዜዎች አንዱ ይህ ነው፤ ገና የናንተ ፋይል የለበትምና።

መከላከሉን በተመለከተ አብዛኛው ነገር የሚወሰነው አንድ ፕሮግራም በሚወርድበትና በሚጫንበት ጊዜ ነው። የማውረጃ ገጽ ላይ ትልቁና አረንጓዴው «ዳውንሎድ» የሚለው ቁልፍ ብዙ ጊዜ ማስታወቂያ ነው፤ እውነተኛው በትንሽ ፊደል ከሥር ተጽፎ ይገኛል። ስለዚህ ፕሮግራሙን ከሠራው ድርጅት ከራሱ ገጽ ወይም ከማይክሮሶፍት ስቶር አውርዱ። ስትጭኑ ሁለት ምርጫ ሲቀርብላችሁ፣ «ሪኮሜንድድ» ወይም «ኤክስፕረስ» የሚለውን ትታችሁ «ከስተም» ወይም «አድቫንስድ» የሚለውን ምረጡ። ስሙ ለባለሙያ የተዘጋጀ ያስመስለዋል እንጂ ውስጡ ያለው አስቀድሞ ምልክት የተደረገባቸው ትናንሽ ሳጥኖች ናቸው፦ «መነሻ ገጼን ቀይር»፣ «ይህን የፍለጋ መሣሪያ ጨምር»። ምልክቶቹን አንሡ። የሌላ ፕሮግራም የስምምነት ገጽ ከመጣ «ዲክላይን» የሚለውን ፈልጉ፤ በደብዛዛ ግራጫ ተጽፎ የማይሠራ ቢመስልም ይሠራል።

ስለ ክራክ፣ ማለትም የሚከፈልበትን ፕሮግራም ያለ ክፍያ እንዲሠራ ስለሚያደርገው መስበሪያ፣ በግልጽ እንናገር። ብዙ ሰው ኦፊስና የፎቶ ማቀናበሪያ ፕሮግራሞችን ከቴሌግራም ቻናል አውርዶ እንደሚጠቀም እናውቃለን፤ ዋጋው ለብዙ ቤተሰብ ከአቅም በላይ መሆኑንም እንረዳለን። ነገር ግን የክራኩ መመሪያ የመጀመሪያው መስመር «አንቲቫይረሱን አጥፉ» የሚል ነው፤ ጠባቂውን አስወጥታችሁ ስታበቁ ምን እንደገባ የሚነግራችሁ አይኖርም። ሊብሬ ኦፊስ በነፃ ይገኛል፣ የዎርድ ፋይልም ይከፍታል። የአማርኛ መጻፊያ ፍለጋ ከማይታወቁ ገጾች የምታወርዱ ደግሞ ድካማችሁን ተዉት፤ ዊንዶውስ 10 እና 11 የአማርኛ ቁልፍ ሰሌዳ ከነፊደሉ ይዘው ይመጣሉ። ከቋንቋ ማስተካከያው ውስጥ አማርኛን መጨመር ብቻ ነው። የፊደል አቀማመጡ ከለመዳችሁት ቢለያይ ኪማን የተባለው ነፃ ፕሮግራም ሌሎች አቀማመጦች አሉት።

ሌሎቹ በአጭሩ። «ዊንዶውስ ሴኩሪቲ» ውስጥ «አፕ ኤንድ ብራውዘር ኮንትሮል» በሚለው ስር ያልተፈለጉ ፕሮግራሞችን የሚያግድ ማብሪያ አለ፤ መብራቱን አረጋግጡ። ልጆች የሚጠቀሙበትን ኮምፒውተር «ስታንዳርድ» በሆነ አካውንት ስጧቸው፤ ብዙው ነገር ያለ እናንተ የይለፍ ቃል አይጫንም። ማስታወቂያ ለማገድ ዩብሎክ ኦሪጅን ለፋየርፎክስ፣ ዩብሎክ ኦሪጅን ላይት ለክሮም ጥሩ ናቸው፤ ስማቸውን አስመስለው የተሠሩ ስላሉ ፊደሉን አስተውሉ። «ፍላሽ ፕሌየርን አድሱ» የሚል ገጽ ካያችሁ ያለ ጥርጥር ውሸት ነው፤ የፕሮግራሙ ሠሪ አዶቤ ፍላሽን በእኛ አቆጣጠር ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. በኋላ አያድሰውም። ይህኛው ወጥመድ ማክ የምትጠቀሙትንም በብዛት ይመለከታል።

ስክሪኑን ሞልቶ፣ ድምፅ እያሰማ፣ «ወደ ማይክሮሶፍት ይደውሉ» ብሎ ስልክ ቁጥር የሚሰጥ ገጽ ሲመጣ ሰው ይደነግጣል፤ በተለይ ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችሁ ይህን ይወቁ፤ ደውለው ገንዘብ የሚከፍሉ አረጋውያን ብዙ ናቸውና። የማይክሮሶፍት የስህተት መልእክት ስልክ ቁጥር አይይዝም። «ኤስኬፕ» የሚለውን ቁልፍ ለጥቂት ጊዜ ተጭናችሁ ቆዩ፤ ገጹ ካልጠበበ «ኮንትሮል»፣ «ሺፍት» እና «ኤስኬፕ»ን አንድ ላይ ተጭናችሁ በሚከፈተው «ታስክ ማናጀር» ውስጥ ብራውዘሩን መርጣችሁ «ኢንድ ታስክ» በሚለው ዝጉት። ስትከፍቱት የቀድሞውን ገጽ እንዲመልስ አትፍቀዱለት።

ይህን ሁሉ ሞክራችሁ ማስታወቂያው ካልጠፋ ወደ እኛ ኑ። ከመምጣታችሁ በፊት ማስታወቂያው ሲወጣ በስልካችሁ ፎቶ አንሡት፤ ጥጉና የገጹ አድራሻ እንዲታይ ከስክሪኑ ጋር አንሡት። ችግሩ የጀመረበትን ቀንና በዚያ ሰሞን የጫናችሁትን ፕሮግራም ካስታወሳችሁ ጻፉልን። የላፕቶፑን ቻርጀር አትርሱ። ፎርማት ማድረግ ግድ ሆኖ ካገኘነው ምክንያቱን አስረድተን፣ ፋይላችሁ መገልበጡን አብራችሁን ሆናችሁ ከፍታችሁ ካያችሁ በኋላ ብቻ እንጀምራለን።

ከአክብሮት ጋር
የጥገና ክፍሉ ሠራተኞች