እንቅስቃሴን የሚተካ መርፌ የለም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት «እንቅስቃሴን የሚተካ መርፌ» በሚል ርዕስ፣ ሞትስ-ሲ የተባለው መርፌ የአካል እንቅስቃሴን ይተካል ብላችሁ ያወጣችሁትን አነበብኩ። የልብ ሕሙማን ክትትል ላይ የምሠራ ነርስ ነኝ። ነገሩ እኔ ዘንድ ከጋዜጣው ቀድሞ ስለደረሰ ዝም ማለት አልቻልኩም።

የልብ ድካም ያለባቸው አንድ አባት በቀጠሯቸው ቀን ከኮታቸው ኪስ በመሐረብ የተጠቀለለ ትንሽ ብልቃጥ አወጡ። ልጃቸው ከአሜሪካ የላከላቸው ሞትስ-ሲ ነው። ውስጡ ነጭ ዱቄት፣ ላዩ ላይ በእንግሊዝኛ «ለምርምር ብቻ» የሚል ጽሑፍ። «ልጄ፣ ይኼ ልብ ያጠነክራል አሉኝ፤ እስቲ ውጊኝ» አሉ።

ሳይንሱ ውሸት አይደለም። ሞትስ-ሲን የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2015 ይፋ አደረጉት፤ 16 አሚኖ አሲዶች ብቻ ያሉት ፔፕታይድ፣ ማለትም በጣም አጭር የፕሮቲን ሰንሰለት ነው። የሚመነጨው ከማይቶኮንድሪያ የራሱ ዲኤንኤ ነው። ማይቶኮንድሪያ ለሴል ኃይል የሚያመነጭ ክፍል ነው፤ በቀን 100,000 ጊዜ ያህል በሚመታው የልብ ጡንቻ ውስጥ ደግሞ የሴሉን ሲሶ ገደማ ይይዛል። ስኳር ባለባቸው አይጦች ላይ ፔፕታይዱም ሩጫውም ልብን እንደጠቀሙ ታይቷል።

ጽሑፋችሁ የዘለለው ግን ዋናውን ነው። በ2021 በታተመ ጥናት ጤናማ ወጣት ወንዶች ቋሚ ብስክሌት ሲነዱ በጡንቻቸው ውስጥ ያለው ሞትስ-ሲ ወደ 12 እጥፍ ገደማ ጨመረ። ማንም አልወጋቸውም፤ ፔዳሉን ሲረግጡ የገዛ አካላቸው ሠራው። በዚያ ጥናት የተወጉት አይጦች ናቸው። መርፌው እስካሁን በአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ አልጸደቀም፤ ዓለም አቀፉ የፀረ-ዶፒንግ ድርጅት ዋዳም ለስፖርተኞች ከልክሎታል፤ ሯጭ ልጅ ያላችሁ ይህን ልብ በሉ።

ለልብ ድካም በሰው ላይ በደንብ የተፈተነው እንቅስቃሴው ነው። በ2009 የታተመና 2,331 ሕሙማን የተካፈሉበት ጥናት፣ በክትትል የሚደረግ እንቅስቃሴ እንደማያሰጋና የሕሙማኑን ኑሮ በመጠኑም ቢሆን እንደሚያሻሽል አሳይቷል። «በመጠኑ» የምትለዋን ሆን ብዬ አልደበቅኳትም፤ ለታማሚ ያልተጋነነ ነገር መንገር ግዴታችን ነው።

እኒያን አባት አልወጋኋቸውም። ሐኪማቸው ከፈቀዱላቸው በኋላ በአምስት ደቂቃ ጀመሩ፤ ከበራቸው እስከ ሱቁ፣ ሲደክማቸው የሱቁ ደረጃ ላይ አረፍ እያሉ። አሁን ቤተ ክርስቲያን ደርሰው ይመለሳሉ። መድኃኒታቸውን አላቋረጡም፤ እግራቸው ካበጠ ወይም ደረታቸውን ከወጋቸው ወዲያው እንዲመጡ ነግሬያቸዋለሁ።

እባካችሁ እርማቱን በዚያው ገጽ፣ በዚያው ስፋት አውጡልን። ሰኞ ቀጠሮ ያላቸው ሕሙማኔ ጋዜጣችሁን እያነበቡ ነው ተራ የሚጠብቁት።

ከአክብሮት ጋር፣
የልብ ክትትል ነርስ፣ አዲስ አበባ