የባሌ በረዶ ዕድሜ ከአውሮፓ አይቀዳም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ስለ ባሌ ተራሮች የበረዶ ዘመን ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብበናል። ርዕሱ መነሳቱ ደግ ነው። ሆኖም ሁለት ነገር መታረም አለበት፤ አንዱ ቁጥር ነው፣ ሌላው እዚሁ ደጃችን ያለ ድንጋይ።

ድንጋዩ ቶሎ ስለሚያልቅ ከእሱ እንጀምር። ከእንጦጦ ጀርባ ወደ ሱሉልታ ሲወረድ የሚታዩትን ድብልብል ቋጥኞች ጽሑፉ በረዶ ያመጣቸው ናቸው ቢልም፣ በረዶ አላመጣቸውም። መንገድ ሲቆረጥ የተገለጠውን ግድግዳ ጠጋ ብሎ ማየት ይበቃል። ቋጥኙ በበሰበሰው አለት መሃል፣ በተፈጠረበት ቦታ እንዳለ ነው፤ ዙሪያውም እንደ ሽንኩርት ንብርብር ሆኖ ይላጣል። ውሃ በስንጥቁ እየገባ ማዕዘኑን በልቶት ነው። በረዶ ተሸክሞ የጣለው ክምር መልኩ ሌላ ነው፤ ዱቄት የመሰለ ደለል፣ ጠጠርና ትልልቅ ቋጥኝ ሳይለይ ተደባልቆ በሸለቆው ጫፍና ጎን እንደ ግድብ ይቆለላል። ሞሬን የሚባለው ይህ ነው። ከፍታውም አይፈቅድም፤ የእንጦጦ አናት 3,200 ሜትር ገደማ ሲሆን የባሌ በረዶ የተኛበት የሳነቴ አምባ ወደ 4,000 ሜትር ይጠጋል፣ የባሌ ከፍተኛ ጫፍ ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377 ሜትር ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ጽሑፉ የባሌ በረዶ ከሁሉ በላይ የተስፋፋው ከ20 ሺህ ዓመት በፊት ነው ይላል። ይህ የሰሜን አውሮፓና የሰሜን አሜሪካ በረዶ የገነነበት ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው የባሌ ሞሬኖች ልኬት ያሳየው ግን በረዶው እጅግ የተስፋፋው ከ42 ሺህ እስከ 28 ሺህ ዓመት በፊት ባለው ጊዜ እንደነበር ነው። የዓለም በረዶ ጣሪያው ላይ ሲደርስ የባሌው ማፈግፈግ ጀምሯል ማለት ነው።

ይህ እንዴት ይታወቃል? ከጠፈር የሚመጣው ኮስሚክ ጨረር የድንጋዩን ገጽ ሲመታ ክሎሪን-36 የሚባል የክሎሪን ዓይነት ይፈጠራል፣ ድንጋዩ ለሰማይ በተጋለጠ ቁጥርም ይጠራቀማል፤ ስለዚህ መጠኑ በረዶው ድንጋዩን ካስቀመጠው ምን ያህል ዓመት እንደሆነ ይናገራል። የድንጋይ ካባ የሚያወጡ ሰዎች ነገሩን በቀላሉ ይረዱታል፤ 3 ሜትር ከመሬት በታች የነበረ አለት ዛሬ ቢገለጥ ጨረሩ እምብዛም ስላልደረሰበት ሰዓቱ ከዜሮ ይጀምራል ሊባል ይችላል። በሌሎች ተራሮች የሚዘወተረው በተመሳሳይ መንገድ የሚፈጠረው ቤሪሊየም-10 ነው፤ እሱ ግን ኳርትዝ የተባለ ማዕድን ይፈልጋል፣ የባሌ የእሳተ ገሞራ አለቶች፣ ባዛልትና ትራካይት፣ ደግሞ ኳርትዝ የላቸውም።

ናሙናው ከሞሬኑ ክምር አናት ላይ ይወሰዳል፤ ከ1 ሜትር በላይ ከፍ ያለ፣ ሥሩ በደንብ የተቀበረ፣ የማይነቃነቅ ቋጥኝ ተመርጦ። ከአናቱ መሃል፣ ከጠርዙ ራቅ ብሎ፣ በመዶሻና በመሮ ወይም በግራይንደር ከ2 እስከ 5 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው፣ ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ የሚመዝን ይነሳል። ውፍረቱ በማስመሪያ ይለካል። ባለ 5 ሴንቲሜትሩ ናሙና እርማት ካልተደረገለት ብቻውን ዕድሜውን በ4 በመቶ ያህል ያሳንሳል። ተራራ ጨረሩን ስለሚጋርድ፣ በኮምፓስና በክሊኖሜትር (የማዕዘን መለኪያ) ዙሪያውን ሰማይ የሚከልለው የተራራ ከፍታ ይመዘገባል። ጨረሩ ከፍ ባለ ቦታ ስለሚበረታ፣ የናሙናው ቦታ ከፍታ ላይ 100 ሜትር መሳሳት ደግሞ ዕድሜውን ወደ 5 በመቶ ያዛባል፤ ስለዚህ የስልክ ጂፒኤስ ብቻውን አይታመንም።

ላቦራቶሪ ውስጥ ድንጋዩ ተፈጭቶ ይነፋል፣ የዝናብ ክሎሪን እንዲለቅ በናይትሪክ አሲድ ይታጠባል፣ ከዚያም በሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ይሟሟል። መስታወት የሚበላ አሲድ ስለሆነ ሥራው በፕላስቲክ ዕቃና በጭስ ማውጫ ሥር ነው። ክሎሪኑ በሲልቨር ናይትሬት እንዲዘቅጥ ይደረጋል። ድኝ (ሰልፈር) በባሪየም ካልተወገደ ግን ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ሰልፈር-36 በክብደት ከክሎሪን-36 ጋር እኩል ስለሆነ ክሎሪን-36ን የሚቆጥረውን መሣሪያ ያሳስተዋል።

ስህተት ከሁለት አቅጣጫ ይመጣል። በረዶ ከማንሳቱ በፊት ለሰማይ ተጋልጦ የቆየ ቋጥኝ ከሞሬኑ ያረጀ ዕድሜ ይሰጣል፤ ዘግይቶ የተገለበጠ ወይም አፈር ውስጥ ቆይቶ የወጣ ደግሞ ያሳንሳል። መሸርሸርም አለ፤ እሱ ደግሞ ተንኮለኛ ነው። ብዙ ጊዜ ዕድሜውን ያሳንሳል፣ የራሱ ክሎሪን በበዛበት ድንጋይ ግን ክሎሪን-36 ይበልጥ የሚመረተው ከገጹ ጥቂት ሴንቲሜትር ወደ ውስጥ በመሆኑ ያለ አግባብ ሊያስረጅ ይችላል። በአንድ ቋጥኝ የማይፈረደው ለዚህ ነው። ከአንድ ሞሬን ቢያንስ ሦስት፣ ቢቻል አምስት ተለክቶ አፈንጋጩ ይለያል።

የሐይቅ ጭቃም ይረዳል። በባሌ የጋርባ ጉራቻ ሐይቅ ሥር ያለው ደለል በካርቦን-14 ሲለካ 16 ሺህ ዓመት ገደማ ነው። ይህ ግን በረዶው ከዚያ ጉድጓድ የለቀቀበትን እንጂ የተስፋፋበትን ዘመን አይናገርም፤ ጭቃው መጠራቀም የጀመረው በረዶው ከሄደ በኋላ ነውና። በነገራችን ላይ በፊንጫ ሃበራ ዋሻ፣ 3,469 ሜትር ላይ፣ ሰዎች ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመት በፊት ፍልፈል እየጠበሱ ኖረዋል። በረዶው ከእነሱ ከፍ ብሎ በተራራው ላይ ነበር።

ስለዚህ በሚቀጥለው ዕትም 20 ሺህ የሚለው ከ42 እስከ 28 ሺህ ተብሎ ይታረምልን። ከጎኑም ልኬቱ ከቋጥኝ ይሁን ከሐይቅ ጭቃ ቢጻፍ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሥነ ምድር ባለሙያዎች፣ ሱሉልታ